ሰሌዳ በ35 ፓውንድ ወይስ ሊብሬ በ153? ከእንግሊዝ ለሚወጣ ትንሽ የሸራ ጀልባ

ጅማ ቁጭ ብዬ ስለ ባሕር ጀልባ ወረቀት መጠየቄ ሰፈሩን ሁሉ ያስቃል። ግን ሄርማታ አብረን ያደግን ልጆች ዛሬ እንግሊዝ ናቸው፤ እኔም የተመለስኩት እዚያ ጀልባ መጠገኛ ግቢ ውስጥ ሠርቼ ነው። አንዱ ያገለገለ ጀልባ ባየ ቁጥር ቴሌግራሜ ይጮኻል፦ «ፈረንሳይ ልሻገርበት ነው፣ የትኛውን ምዝገባ ላውጣ?» ጥያቄው አንድ ስለሆነ ለሁላችሁም እዚህ ልመልስ።

የ35 ፓውንዱን አውጡ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የግል መዝናኛ ጀልባ ከእንግሊዝ ዳርቻ እስካልራቀ ድረስ በእንግሊዝ የመርከብ መዝገብ የመግባት ግዴታ የለበትም። የማን አገር እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት የሚጠየቀው ሌላ አገር ወደብ ሲደርስ ነው። አንደኛው መንገድ የትናንሽ መርከቦች መዝገብ ነው፤ ፓርት ስሪ ይሉታል። ከ24 ሜትር ለሚያንስ ጀልባ፣ 35 ፓውንድ፣ ለ5 ዓመት። ሁለተኛው ፓርት ዋን ነው፤ 153 ፓውንድ፣ እሱም ለ5 ዓመት።

ሒሳብ ሲሠራ ልዩነቱ 118 ፓውንድ ነው። በኪስ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ፓርት ዋን ለመግባት ጀልባውን ፈቃድ ያለው ሰርቬየር፣ ማለትም የጀልባ ለኪ ባለሙያ፣ መለካት አለበት፤ የእሱ ክፍያና መጓጓዣ ሲደመር ራሱን የምዝገባውን ዋጋ ያስንቃል። ቀጥሎ ቁጥሩ በጀልባው ዋና አግዳሚ ላይ መቀረጽ አለበት። ፋይበር ግላስ ጀልባ የሚቀረጽበት እንጨት ስለማይኖረው ቁጥሩ በፕላስቲክ ዝርግ ላይ ተቀርጾ ይለጠፋል። ይህን በተራ ሙጫ የሚለጥፉ ብልጣብልጦች አሉ፤ ዝርጉን ከሞተር ሥር ከተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ስለቅም ኖሬያለሁ። ኢፖክሲ ካልሆነ አትቀበሉ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የሽያጭ ሰነዱ ነው፦ ያገለገለ ጀልባ ከሆነ ቢያንስ የ5 ዓመት ውሎች ሳይቋረጡ ተያይዘው መቅረብ አለባቸው። መሐል ላይ አንድ ሻጭ ስልኩን ቀይሮ ከጠፋ፣ እሱን ስታፈላልጉ የሚያልፈው የሥራ ቀን በፓውንድ ይመንዘር።

በ35ቱ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ርዝመቱን ራሳችሁ ለክታችሁ ቅጹን በኢንተርኔት ትሞላላችሁ። ከኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር አብራችሁ እንዳትለኩ፤ የሚቆጠረው ቋሚው አካል ነው። ቁጥሩ ሲመጣ ቢያንስ 30 ሚሊሜትር ቁመት ባለው ጽሑፍ ከውጭ በሚታይ ቦታ ይጻፋል። እዚህ ላይ ሳንቲም አትቆጥቡ፤ ለሱቅ ማስታወቂያ የሚሆነው ርካሽ ስቲከር ጨው ሲነካው ጠርዙ ይነሣል፣ ለባሕር የተሠራ ቪኒል ጠይቁ።

ታዲያ ፓርት ዋንን ሰው ለምን ይፈልገዋል? ባለቤትነትን ስለሚመሰክር ነው። የ35ቱ ሰሌዳ፣ የ153ቱ ሊብሬ ናቸው ብል የጅማ ሰው ይገባዋል፤ በውክልና የተገዛ መኪና ምን እንደሚያመጣ ስንቱ አይቶታል። በፓርት ዋን የጀልባው ባለቤትነት በ64 ድርሻ ተከፍሎ ይመዘገባል፣ የባንክ መያዣ ካለበትም እዚያው ይሰፍራል። ስለዚህ በባንክ ብድር የምትገዙ ከሆነ ምርጫው የእናንተ አይደለም፣ ባንኩ ራሱ ፓርት ዋን ይላችኋል።

ከልጆቹ አንዱ ይህን ሳይጠይቅ ገዛ። ሻጩ የ35ቱን ወረቀት «የባለቤትነት ማረጋገጫ» ብሎ አሳየው፣ «ምዝገባውም አብሮ ይተላለፍልሃል» አለው። ሁለቱም ውሸት ነው። ያ ወረቀት የማን እንደሆነ አይመሰክርም፤ ጀልባው ሲሸጥም ያበቃል፣ ገዢው እንደገና 35 ይከፍላል። 35ቱስ ባልከፋ፤ ሻጩ ለጀልባ ማቆሚያው ውዝፍ ኪራይ ነበረበትና ግቢው ሳይከፈለኝ አይወጣም ብሎ ያዘበት። ከፍሎ አወጣው።

እንዲህ ከሆነ ለምን ፓርት ዋን አልልም? መዝገቡ የሚያምነው ሻጩ የሚሰጣችሁን ወረቀት ስለሆነ ነው። ያንን ወረቀት ራሳችሁ ተቀብላችሁ አስቀምጡት፦ የእናንተ የሽያጭ ውል፣ ሻጩ የገዛበት ውል፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ከማቆሚያው «ዕዳ የለበትም» የሚል ደብዳቤ። ከኋላ በስተቀኝ ያለውን 14 ፊደልና ቁጥር የያዘ የቀፎ (የጀልባው አካል) መለያ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፓ ገበያ የወጣ ጀልባ ይህ ከሌለው ወይም ተፍቆ ከተቀባ ዋጋ አትጠይቁ፣ ሂዱ። የተረፈው ገንዘብ ለሸራና ለገመድ ይሁን።

ሐሰተኛ በር ላይም አትቆሙ። የመንግሥትን ገጽ መስለው የተሠሩ የግል ድረ ገጾች ለዚያው ለ35 ፓውንዱ ነገር እጥፍ ድርብ ያስከፍላሉ። «የኔዘርላንድ ባንዲራ በቀላሉ» የሚሉ ደላሎችም አሉ፤ የሚሸጡት ዓለም አቀፍ የመዝናኛ ጀልባ ሰርተፍኬት የሚባለውን ነው፣ እሱ ደግሞ ባንዲራ የማውለብለብ መብት አይሰጥም። የጀልባ ሬዲዮ ፈቃድም በኢንተርኔት ካወጣችሁት ነጻ ነው፤ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ደላላ ነው።

አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ልስቀል ያለኝም አለ። ባሕር የሌለው አገር መርከብ ባንዲራውን ማውለብለብ እንደሚችል በ1921 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ታውቋል፤ ግን አንድ ጀልባ አንድ ባንዲራ ነው፣ እንግሊዝ ካስመዘገባችሁት የሚሰቀለው የእነሱ ቀዩ የመርከብ ባንዲራ ነው። ለነገሩ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የምትኖሩ ሁለቱም መዝገብ አይቀበላችሁም፤ ዜግነቱ መቅደም አለበት።

153ቱን ክፈል የምለው፣ ከባንክ ተበዳሪው ሌላ፣ ጅማ ቤት እየሠራ ላለው ጓደኛችን ብቻ ነው። የ35ቱ መዝገብ በዓመት ቢያንስ 185 ቀን እንግሊዝ መኖርን ይጠይቃል፤ ጠቅልሎ ሲገባ ወረቀቱ ይወድቃል። በፓርት ዋን ግን የእንግሊዝ ዜግነት እስካለው ድረስ እዚያ የሚኖር ተወካይ ሰይሞ ጀልባውን በስሙ ማቆየት ይችላል። ተወካዩን ከወዲሁ ይፈልግ፣ እኔን ግን አይጠይቀኝ፤ እኔ ያለሁት ጅማ ነው።