ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በቢዝነስ ክላስ፦ በቀጥታው ሄጄ በዶሃ ስመለስ ያየሁት

ባለፈው ጥር እናቴን ይዤ ለጥምቀት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለታችንንም ትኬት በቢዝነስ ክላስ ገዛሁ። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ እግሯን አጥፋ ብዙ ሰዓት ከተቀመጠች በኋላ ለሁለትና ለሦስት ቀን ከአልጋ መነሣት ያቅታታል። ገንዘቡ ቀላል ስላልሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አዘውትረን የምንጠቀምባቸውን አራት መንገዶች፣ ማለትም የኢትዮጵያን ቀጥታ በረራ፣ በዶሃ የሚያልፈውን የኳታርን፣ በዱባይ የሚያልፈውን የኤምሬትስንና በኢስታንቡል የሚያልፈውን የቱርክን አየር መንገድ ሳወዳድር ሰነበትሁ። በመጨረሻም የእናቴን ደርሶ መልስ በኢትዮጵያ ገዛሁ፤ እሷ እስከ ፋሲካ ስለምትቆይና እኔ ግን ሥራ ስለሚጠብቀኝ፣ የራሴን መመለሻ ለይቼ ባጠራቀምሁት ማይል፣ ማለትም አየር መንገዶች አዘውትሮ ለሚበር ደንበኛ በሚሰጡት ነጥብ፣ በኳታር ያዝሁ።

ከደለስ፣ ከዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የሚነሣው የኢትዮጵያ ቀጥታ በረራ ትልቁ ጥቅም ሰዓቱ ነው። እኛ የተነሣነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ በክረምቱ የአሜሪካ ሰዓት ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ስለሆነ አዲስ አበባ ያን ጊዜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ስለዚህ በረራው ከሞላ ጎደል የአዲስ አበባን ሌሊት የሚሸፍን ነው፤ ምሳውን እንደ እራት ቆጥሮ፣ መስኮቱን ጋርዶ ወዲያው የተኛ ሰው ቦሌ ሲደርስ ከአገሬው ሰው ጋር አብሮ ያነጋል። እናቴ በደረሰች ማግስት ቤተ ክርስቲያን ሳመች። በኢኮኖሚ በሄደችባቸው ዓመታት ይህ የሚታሰብ አልነበረም።

የተሳፈርንበት አውሮፕላን ኤርባስ 350-900 ነበር። አየር መንገዱ ይህን ዓይነት አውሮፕላን በ2016 እ.ኤ.አ. ሲረከብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ክላውድ ናይን የሚባለው የቢዝነስ ክፍል በዚህ አውሮፕላን ላይ ሠላሳ ወንበሮች አሉት። ወንበሮቹ ተዘርግተው አልጋ ይሆናሉ፤ አቀማመጣቸው ግን በአንድ ረድፍ፣ በሁለት መተላለፊያ ተለይተው፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ነው። ይህ አቀማመጥ ብዙ ጊዜ የሚነቀፈው፣ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ለመውጣት የተኛውን ጎረቤቱን መሻገር ስላለበት ነው፤ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ነቀፌታው ትክክል ነው። ከእናቱ ጋር ለሚሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መድኃኒቷን በሰዓቱ ሰጥቻታለሁ፣ ብርድ ልብሷ ሲንሸራተት መልሼ አልብሻታለሁ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትነሣ ክንዷን ይዣለሁ፤ ይህን ሁሉ ያደረግሁት ከወንበሬ ብዙም ሳልርቅ ነው። በር ያለው የተዘጋ ክፍል ለእሷ ምቾት ሳይሆን ብቸኝነት ይሆንባት ነበር።

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር እናቴ ጾመኛ ናት። የበረራ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ይጾማሉ? ሽሮ በእንጀራ አለልዎት» ስትላት፣ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ወደ እኔ ነበር፤ አስቀድሜ ያዘዝሁ መስሏት ነው። በሌሎቹ አየር መንገዶች የጾም ምግብ የሚፈልግ ሰው ከወተትና ከእንቁላል ነጻ የሆነውን የቪጋን ምግብ ቢያንስ ከሃያ አራት ሰዓት በፊት ማዘዝ ይኖርበታል፤ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ አትክልትና ሩዝ ነው። ዐቢይ ጾም ላይ የሚጓዝ ሰው ይህን ትኬቱን በገዛ ዕለት ቢያደርገው መልካም ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በኤርባስ 350ም ሆነ በቦይንግ 787 ድሪምላይነር ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው፤ በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች ግን እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በሩ ሲከፈት የምንወጣው አውሮፕላኑ ውስጥ ከነበረው ወደሳሳ አየር ነው። ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግረው አዛውንት ይዞ የሚጓዝ ሰው ከደረሰ በኋላ ደረጃና ሩጫ እንዳይበዛበት መጠንቀቅ አለበት።

ይኸው ከፍታ ነው መመለሻውን የሚለውጠው። በሳሳ አየር ሞተሩም ክንፉም የሚሰጡት ጉልበት ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላን ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ የመልስ በረራው በመንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋል፤ ባለፉት ዓመታት በደብሊንና በሎሜ ሲያርፍ ኖሯል። ሲሄዱ ቀጥታ የነበረው ሲመለሱ አንድ ማረፊያ ካለው፣ ሌሎቹ አየር መንገዶች ከእሱ ጋር የሚወዳደሩት በዚህ አቅጣጫ ነው። እኔም በኳታር የተመለስሁት ይህን አስቤ ነው።

ከአዲስ አበባ ዶሃ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከዶሃ ዋሽንግተን ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ረጅሙን መንገድ የበረርሁት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታወቀው፣ ኪውስዊት በሚባለው የኳታር የቢዝነስ ወንበር ነው። አቀማመጡ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ መንገደኛ በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይወጣል፣ የሚዘጋ በርም አለው። በሩን ዘግቼ ሰባት ሰዓት ያለማቋረጥ ተኛሁ፤ በሕይወቴ በአውሮፕላን ላይ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ምግቡን የሚያመጡት በተወሰነ ሰዓት ሳይሆን መንገደኛው በፈለገ ጊዜ ነው። እንደ ወንበር ካነጻጸርነው፣ ኪውስዊት እኔ ከሄድሁበት ወንበር ይበልጣል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። ነገር ግን ኪውስዊት በሁሉም የኳታር አውሮፕላኖች ላይ ስለሌለ፣ ትኬት ሲገዛ የአውሮፕላኑን ዓይነትና የወንበሩን ካርታ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ኤምሬትስና ስለ ቱርክ ባጭሩ ልበል፤ በቢዝነስ ስላልበረርሁባቸው ነው። ኤምሬትስ በብዙ ከተሞች የቢዝነስ መንገደኛን ከቤቱ በመኪና ይወስዳል፣ ይህ ሻንጣ ለሚበዛበት ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በአንዳንድ ቦይንግ 777 አውሮፕላኖቹ ላይ ወንበሮቹ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ስለሆኑ መሐል ወንበር ሊደርስ ይችላል። ቱርክ እንደ ኢትዮጵያ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ ሸባ ማይልስ የሚባለውን የኢትዮጵያን ማይል የሚያጠራቅም ሰው በሁለቱም ማይል ያገኛል።

መሸጋገሪያ ያለበትን መንገድ ለእናቴ ያልመረጥሁበት ምክንያት ግን ከወንበር ጋር የሚያያዝ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አየር መንገድ ስንጓዝ፣ አስቀድመን ያስመዘገብነው ተሽከርካሪ ወንበር በመሸጋገሪያው አውሮፕላን ማረፊያ ሳይመጣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል በሩ ላይ ቆመን ቀረን። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ እስከ ዛሬ ይታየኛል። በመጨረሻ አንድ የጽዳት ሠራተኛ አዝና የራሷን ወንበር ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ፣ እሷን ከአንድ አውሮፕላን ወደ ሌላው የሚያስሮጥ መንገድ ምንም ቢያምር አልገዛላትም። ሻንጣችንም የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነበር።

እናቴ ከፋሲካ በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ተሽከርካሪ ወንበሩን ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዝግቤ፣ ከበረራው ሁለት ቀን በፊት ደግሞ ደውዬ አረጋገጥሁ። ሻንጣዎቿን ወንድሜ ቤት ውስጥ መዘናቸው፤ በርበሬውና ሽሮው በዝቶ አንዱ ከሠላሳ ሁለት ኪሎ በላይ ስለሆነ፣ አንድ ሻንጣ ከዚያ በላይ ስለማይፈቀድ ቀነሱት። በቦሌው የክላውድ ናይን ማረፊያ ክፍል የጀበና ቡና ሲፈላ አግኝታ ሁለት ሲኒ ጠጣች።

ደለስ ስቀበላት መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ ነዳጁ ማረፊያ ነበር፤ ያሠጋኝ እሱ ነበርና። አስተናጋጆቹ ለማረፍ ወንበሯን ቀና አድርገው ቀበቶዋን አሰሩላት፤ አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ ደግሞ ነዳጅ እስኪሞላ ቀበቶ ይፈታ ሲባል ግራ ገብቷት፣ «ወርደን ልንሄድ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። አስተናጋጇም፣ «የለም እማማ፣ እዚሁ ነዎት፤ አይነሡ» ብላ ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ መለሰችላት።