በጎጃም መንገድ የተቀባ ቸርኬ ማሳጠብ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ

ሰላም ለሁላችሁም። ለ2015 ጥር ከካናዳ መጥቼ የታናሽ ወንድሜን ያሪስ መኪና ይዘን ከአዲስ አበባ ተነስተን በደጀን፣ በማርቆስ፣ በእንጅባራ አድርገን ባህር ዳር ገብተን ነበር፣ እንጅባራ የደረስነው ደሞ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ስለ ሆቴልና ስለ ምግቡ ብዙ ሰው ይጽፋል፣ እኔ ስለ ላቫጆና ስለ ጎሚስታ ልጻፍ፣ በተለይ ቸርኬ ቀለም ላስቀባ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። ወንድሜ አራቱንም የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥቁር ግራጫ ካስቀባ ወር ከምናምን ሆኖታል፣ ስንት ወር አጠራቅሞ ነው ያስቀባው፣ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው።

ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ስንወርድ በትንሽ ማርሽ ነበር የወረድነው፣ ግን ያ ሁሉ ጥምዝ እያለ ፍሬን ሳይነኩ አይወረድም። ጃፓኖች የሠሩትን ድልድይ አልፈን ትንሽ ቆም አልንና እጄን ወደ ፊት ጎማው ጠጋ ባደርግ እንደ ምጣድ ይጋረፋል። ጥቁሩ ዱቄት ቸርኬው ላይ የሚጣበቀው እንዲህ ሲሆን ነው። ብዙ ሰው አቧራ ይመስለዋል፣ ግን ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ እየተፋቀ የሚወጣ ነው፣ ውስጡ ጥቃቅን ብረት አለበት፣ እየጋለ ሄዶ ቀለሙ ላይ ይሰካል፣ እርጥበት ሲያገኘው ደሞ እዛው ዝጎ ቡኒ ነጠብጣብ ይሆናል። በዚ ላይ ከሉማሜ ገባ ብላ ያለችው አክስቴ ጋ ስንሄድ የጠጠር መንገዱ አቧራ ተጨመረበት፣ በቃ ቸርኬው ቀለሙ ጠፋ።

ከዛ አንድ ከተማ ላይ ላቫጆ ገባን፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ልጁ እንጀራውን ነው የሚሠራው። ቀትር ነው፣ ገና ከመንገድ መግባታችን ነው፣ ቸርኬው ትኩስ ነው። እኔ ሻይ ልጠጣ ዘወር ስል ክዳኗ በምስማር የተበሳች የሃይላንድ ጠርሙስ አንስቶ ፊጭ ፊጭ ሲያደርግበት ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። «ምንድን ነው እሱ?» ስለው «አሲድ ነው ጋሼ፣ ቆንጆ አርጎ ያነጣዋል» አለኝ፣ በቅንነት ነው፣ ሁሉም የሚያደርገው ስለሆነ ነው። ቶሎ ውሃ አስደፋሁበት ግን የግራ ፊት ቸርኬ ላይ ንፋስ መሙያዋ አጠገብ ቀድሞ ጠጠር የላጣት ቦታ ነበረች፣ አሲዱ በዛች ገብቶ የቀለሙን ጠርዝ አነሳው፣ ሽንብራ የምታክል ነጭ ነገር ቀረች። ወንድሜ ቁጭ ብሎ በጣቱ ሲዳስሳት አንጀቴን በላው።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ አሲድ ቀለም ላልተቀባ ቸርኬም ጥሩ አይደለም፣ የተቀባው ላይ ግን ቀለሙ ትንሽ ክፍተት ካለው አሉሚኒየሙን ከስር ይበላውና ቀለሙ እየተነሳ ይሄዳል። በረኪናም ያው ነው። ናፍጣም ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ጎማውንም ይጎዳል። ሌላው ትኩስ ላይ ማጠብ ነው፣ ማጠቢያው ሳታለቅልቁት ደርቆ እድፍ ይተዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ዲስክ ላይ ሲፈስ ደሞ ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል፣ ከዛ ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንቀጠቀጣል። ስለዚ መጀመሪያ ጥላ ስር አቁሙት፣ ቡና ጠጡ፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ ካልጋረፋችሁ ይታጠብ።

ማርቆስ አንዱ ጎማ ንፋስ እየቀነሰ ጎሚስታ ጋ ሄድን። እዚህ ሙሉ ነጥብ ነው የምሰጠው! ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጎማውን ከቸርኬው ሊያላቅቁ ብረቱን ሲያነሱ ሆዴ ቢፈራም ምንም ሳልላቸው ከኪሳቸው የአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ አውጥተው ብረቱና ቸርኬው መሃል አደረጉ፣ ብረቱ በተዘዋወረ ቁጥር ያችን ቁራጭ ያዘዋውሯታል፣ አንድ ጭረት የለም። ሲጨርሱ ዳዶው የሚቀመጥበትን ቀዳዳ አይተው «ልጄ፣ ይሄ ቦታ ቀለም ወፍሮበታል፣ ቀለሙ ሲሟሽሽ ዳዶው ይላላል፣ እንጅባራ ሳትደርሱ ቆማችሁ አጥብቁት» አሉን። ልክ ናቸው፣ እኔ ባለሁበት አገርም ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ድጋሚ አጥብቁ ነው የሚባለው። ቡሬ ስንደርስ ብናየው ሁለት ዳዶ እውነትም ትንሽ ዞረልን። ጉርሻ ስሰጣቸው እምቢ ብለው በግድ ነው የተቀበሉኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ባህር ዳር ድባንቄ በኩል ያገኘነው ላቫጆ ደሞ ሌላ ዓለም ነው። ልጁን ገና ሳይጀምር «ወንድሜ አሲድ እንዳትነካብኝ» ስለው «እሺ ጋሸ፣ አንተ እንዳልከው» ብሎ ያመጣሁትን ሻምፖ ተቀበለኝ፣ ሽቶም አሲድም የሌለው ፒኤች 7 አካባቢ፣ ማለት አሲድም አልካሊም ያልሆነ ነው። ከቸርኬው ነው የጀመረው፣ ቦዲውን መጀመሪያ ካጠቡት የቸርኬው ቆሻሻ ተመልሶ ይረጨዋል። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አሸዋውን አወረደ፣ ፕሬዠሩን ጠጋ አርጎ አልያዘም፣ ከዛ ለቸርኬ ብቻ የለየውን ባልዲና ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀመ። የብረት ማውጫ የሚባለውን ፈሳሽ ስረጨው ከግራጫው ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ነገር እየተንዠቀዠቀ ሲወርድ ልጁ ደነገጠ፣ ቀለሙ የለቀቀ መስሎት ነበር። ፈሳሹ የተሰካውን ብረት ሲያገኘው ነው እንደዛ የሚሆነው፣ ሽታው እንደ ገማ እንቁላል ነው ግን ይሠራል። ሳይደርቅ አለቀለቀው፣ በንጹህ ጨርቅ አደረቀው። 250 ብር ከፈልኩ፣ የቀረውን ፈሳሽም ትቼለት መጣሁ፣ ሌላው ደንበኛም ያግኘው።

ዱቄቱ እንዳይጣበቅ ቸርኬው ላይ የሚቀባውን መከላከያ ሆቴል ግቢ ውስጥ ከወንድሜ ጋ ራሳችን ቀባነው። ተራውን የመኪና ሰም ለቸርኬ አልመክርም፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ካርናውባ የሚባለው ሰም ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ አባይ በረሃ ላይ ምን እንደሚተርፈው አስቡት። ሲላንት ወይም ሴራሚክ የሚባሉት ሙቀት የሚችሉ መከላከያዎች ይሻላሉ፣ ዱቄቱ ብዙም ስለማይጣበቅ ከዛ በኋላ በውሃና በሻምፖ ብቻ ይለቃል። አዲስ የተቀባ ከሆነ ግን ቀለሙ እስኪደርቅ ወር ያህል ታገሱ። የጎማ ማብሪያ ዘይቱ ደሞ ዲስክ ላይ እንዳይረጭ፣ ፍሬን ያሳጣችኋል።

ወንድሜ ክረምቱ ሲወጣ ፎቶ ላከልኝ፣ በየሳምንቱ በሻምፖ ብቻ ነው የሚያጥበው፣ ሦስቱ ቸርኬ ያኔ እንደተቀቡት ናቸው። የግራ ፊቱ ላይ ያቺ ሽንብራ የምታክለው አለች፣ በሚቀጥለው ስመጣ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዟን አለስልሰን እንቀባታለን፣ ቀለሙን ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጫለሁ።