የቆዩ የእንግሊዝ ሳንቲሞች ለትንሽ በጀት፦ የነሐስ ፔኒ፣ የብር ሲክስፔንስ ወይስ በመዶሻ የተመታው ፔኒ?

በወር ሠላሳ ወይም አርባ ፓውንድ ብቻ መመደብ የሚችል ሰው የቆዩ የእንግሊዝ ሳንቲሞችን ለመሰብሰብ ሲያስብ፣ ብርቅ የሆነውን ከማሳደድ ይልቅ በብዛት ከተመረቱት ውስጥ መልኩ በደንብ የተጠበቀውን ቢፈልግ ያዋጣዋል። እስከ ፌብሩዋሪ 1971 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግም 12 ፔኒ ነበር። በዚያ ሥርዓት የወጡት ሳንቲሞች እጅግ ብዙ በመሆናቸው የመቶ ዓመት ዕድሜ ብቻውን ሳንቲምን ውድ አያደርገውም።

ከሁሉም ርካሹ መነሻ ከ1860 ጀምሮ የወጣው 9.4 ግራም የሚመዝነው የነሐስ ፔኒ ነው። በእጅ ብዛት የተፋቀ የንግሥት ቪክቶሪያ ፔኒ ለንደን ውስጥ አንድ ስኒ ቡና ከሚያስከፍለው ባነሰ ይገኛል። ጸጉሯ ከኋላ ተጠቅልሎ የታሰረበት መልክ እስከ 1894፣ ሻሽ የደረበችበት የእርጅናዋ መልክ ደግሞ ከ1895 እስከ 1901 የወጣ ነው። በጀርባው በተቀመጠችው ብሪታኒያ (አገሪቱን የምትወክል የሴት ምስል) ግራና ቀኝ የነበሩት የመብራት ማማና መርከብ በ1895 ጠፍተው፣ ማማው ብቻ በ1937 እንደተመለሰ ማስተዋል ለጀማሪ ዓይን ጥሩ ልምምድ ነው። ችግሩ ግን ነሐስ እርጥበት አይወድም፤ አረንጓዴ ዝገት ከጀመረው ማዳኑ ያስቸግራል። በተጨማሪም የመጀመሪያውን ቀይ ወዙን እንደያዘ የቀረው ፔኒ ዋጋው ከተፋቀው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የ1933ቱን ፔኒ በርካሽ አገኘሁ የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ ዝም ብለው ይለፉት፤ በዚያ ዓመት የተመቱት ከጣት ቁጥር ብዙም አይዘሉም፣ የዓመቱ ቁጥር ተፍቆ የተለወጠ ግን ሞልቷል።

እኔ ገንዘቤን የማወጣው በብሩ ሲክስፔንስ (ስድስት ፔኒ፣ ማለትም ግማሽ ሽልንግ) ላይ ነው። እስከ 1919 ድረስ የወጣው ሲክስፔንስ 2.83 ግራም ሲመዝን ከመቶው 92.5 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ስለዚህ መልኩ ቢፋቅ እንኳ በውስጡ ያለው 2.6 ግራም ያህል ብር ዋጋው ከአንድ ወለል በታች እንዳይወርድ ይይዘዋል፣ ይህም ነሐሱ ፈጽሞ የማይሰጠው ዋስትና ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብር በመወደዱ በ1920 መጠኑ ወደ 50 በመቶ ወረደ፤ ከ1947 ጀምሮ ደግሞ ብሩ ጨርሶ ቀርቶ በመዳብና በኒኬል ተተካ። በመሆኑም ሻጭ «የብር ሽልንግ» ሲልዎ አስቀድመው የሚያዩት ዓመቱን ነው።

ከሲክስፔንሶች ሁሉ በዚህ ዋጋ የተሻለ ታሪክ ያለው የ1887ቱ ነው። ንግሥቲቱ የነገሠችበት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር የወጣው አዲሱ ሲክስፔንስ ጋሻ የተቀረጸበት ጀርባው አሥር ሽልንግ የሚያወጣውን የወርቅ ሳንቲም፣ ግማሽ ሶቨሪንን፣ እጅግ ስለሚመስል፣ አጭበርባሪዎች ወርቅ እየቀቡ በሃያ እጥፍ ዋጋው ማሳለፍ ጀመሩ። በዚሁ ዓመትም ቅርጹ ተሽሮ «ሲክስ ፔንስ» የሚል ጽሑፍ በተቀረጸበት ተተካ። ሕዝቡ የበዓሉን ሳንቲሞች ለመታሰቢያ ስላስቀመጠ ግን የተሻረው ቅርጽ ዛሬም መልኩ ሳይጎዳ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል።

የ1797ቱ ትልቅ የመዳብ ፔኒ ሌላው አማራጭ ነው። ማቲው ቦልተን በበርሚንግሃም አጠገብ በነበረው የሶሆ ፋብሪካው በእንፋሎት ኃይል የመታው ሲሆን፣ አንድ አውንስ (28 ግራም ገደማ) የሚመዝን፣ ሰፊ ጠርዙም «የጋሪ ጎማ» የሚል ቅጽል ያሰጠው ነው። በእጅ ሲይዙት ደስ ይላል፤ ሆኖም ጠርዙ ያልተቀጠቀጠ ማግኘት ስለሚከብድ አንድ ብቻ ይበቃል ባይ ነኝ።

ለመካከለኛው ዘመን የሚጓጓ ሰው ከ1279 ጀምሮ የተመታውን የቀዳማዊ ኤድዋርድን የብር ፔኒ ይመልከት። ሠራተኛ በመዶሻ እየመታ ያወጣው፣ 1.4 ግራም ገደማ የሚመዝን ስስ ሳንቲም ሲሆን፣ ሰባት መቶ ዓመት አልፎት እንኳ በአስሮች በሚቆጠር ፓውንድ ይገዛል፤ በለንደንና በካንተርቤሪ የተመቱት ደግሞ ብዙ ናቸው። ከሲክስፔንሱ ጋር ሲነጻጸር በዕድሜ ይበልጣል፣ በአስተማማኝነት ግን ያንሳል፦ ዳር ዳሩ ተቆርጦ የተሰረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም በቅርቡ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። የግራምን መቶኛ የሚለይ ትንሽ ሚዛን ሳይኖርዎ፣ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘብ ከማይመልስ ሻጭ አይግዙት።

ከአሜሪካ ሻጮች የሚያዙ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የሳንቲሙ መልክ ምን ያህል እንደተጠበቀ በሚናገረው የደረጃ አሰጣጥ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ጠበቅ ያሉ ስለሆኑ፣ አሜሪካ ውስጥ «ቬሪ ፋይን» (በጣም ጥሩ) ተብሎ የተሸጠው እንግሊዝ ውስጥ ከዚያ ዝቅ ያለው «ፋይን» (ጥሩ) ብቻ ሊባል ይችላል፤ ከቃሉ ይልቅ ፎቶግራፉን ይመኑ። የቤት ዕቃ በአመድና በሎሚ ማብራት ለለመደ ሰው ደግሞ የሚከብደው ትዕዛዝ አለ፦ ሳንቲሙን አይፈትጉት፤ የጠቆረው ብር ከሚያብረቀርቀው የተፈተገ ብር በልጦ ይሸጣል።

ወደ አገር ቤት የሚጠጋ ነገር ለሚሹ፣ ከ1941 በኋላ እስከ 1945 በኢትዮጵያ የተገበያየንበት፣ በአንድ ገጹ የንጉሥ ጆርጅ መልክ፣ በሌላው አንበሳና ተራራ ያለበት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ። የብሩ መጠን 25 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከሲክስፔንሱ ጋር አይወዳደርም፤ ዋጋው ግን ለአንድ ምሳ የሚወጣውን ያህል እንኳ አይሆንም።