ይህን ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ከመግዛታችሁ በፊት የመጨረሻ ገጹን እዩ

ውድ የመጽሐፍ ወዳጆች፣ በዚህ ሰሞን ለገሃር ወይም አራት ኪሎ መጽሐፍ ልትገዙ ብቅ የምትሉ ከሆነ ይህችን አንብቡልኝ። ከምወዳቸው ደራስያን የአንዱ አዲስ የወንጀል ልብወለድ ወጥቷል። ስሙን አልጠራም፤ የቀደሙት ሥራዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ያስነበቡኝ ሰው ነው። በዚህኛው ግን በጣም አዝኛለሁ።

ታሪኩ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ዋሽንግተን ነው። የምዕራፎቹ አናት ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፏል፤ የእኛው ይሁን የፈረንጆቹ ግን አይታወቅም። በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «2008» የሚል ምዕራፍ ሲመጣ ሟቹ ገና በሕይወት አለ ወይስ ከተቀበረ ቆይቷል? ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። ዋናው ተጠርጣሪ ግድያው ሲፈጸም ሌላ ቦታ እንደነበር የሚያስረዳው «3 ሰዓት» ላይ በተደረገ የስልክ ጥሪ ነው። በማን አቆጣጠር? በየትኛው ከተማ? መጽሐፉ እስከ መጨረሻው አይነግረንም፤ ምርመራው በሙሉ የቆመው ግን በዚያች ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ላይ አንዱ ሰው አንዴ በክርስትና ስሙ፣ አንዴ በቅጽል ስሙ፣ አንዴ በአባቱ ስም ይጠራል። ሦስት ሰዎች መስለውኝ ብዙ ገጽ ተጓዝኩ።

ውስብስብ ታሪክ አልጠላም። ስለላ፣ ጦርነትና ፍቅር የተጠላለፉበት የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ አንባቢውን አሥመራ መሃል አልበተነውም። ነገሩ በአብዛኛው የሚገለጥልን በጋዜጠኛው በፀጋዬ ዓይን ነው። ምስጢር ማለት ደራሲው እያወቀ ለጊዜው የሚሸሽገው ነገር ነው፤ የት እንዳለን እንኳ የማናውቅ ከሆነ ግን የምንጠረጥረውም ሰው አይኖረንም።

መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ ይህችን አንቀጽ ዝለሏት። መፍትሔው ቀደም ሲል በአንድም ገጽ ያልተነሳ መንታ ወንድም ነው። እንግሊዛዊው ቄስና የወንጀል ልብወለድ ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ካወጣቸው አሥር ደንቦች የመጨረሻው፣ አንባቢ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በቀር መንታ ወንድማማች አይግቡ ይላል። ደንቡ ቢጣስም ባልከፋኝ፤ ግን ወደ ኋላ ተመልሼ ፍንጭ ብፈልግ ምንም የለም።

ከሁሉም ያናደደኝ የመጨረሻው መስመር ነው፦ «ይቀጥላል»። ሽፋኑም ሆነ ጀርባው ክፍል አንድ መሆኑን አይናገርም። የወረቀት ዋጋ እንዲህ ሰማይ በነካበት ጊዜ ሙሉ ታሪክ መስሎት የሚገዛ ሰው ይህን የማወቅ መብት አለው። አዟሪዎቹ ጥፋት የለባቸውም፤ እነሱም የተሰጣቸውን ነው የሚሸጡት።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ፤ ሁለት ሦስት ምዕራፎችም አናታቸውን እዩ። የግድ ማንበብ ካማራችሁ ካነበበው ሰው ተዋሱ፣ ወይም ቀጣዩ ክፍል እስኪወጣ ጠብቁ። ደራሲው ይህን ካየ ደግሞ ልመናዬ ይኸው ነው፦ በሚቀጥለው እትም ቀኖቹ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፍ፤ ሽፋኑ ላይም «ክፍል አንድ» ይባል።