ብርዱን የቻለው በለስ ዝናቡን አልቻለም

«ብርድ የሚችል በለስ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ሰው አልዋሸም። ብርዱን ችሏል። እኔን ያበሸቀኝ ያልነገረኝ ነገር ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ከጠራ ሌሊቱን አመዳይ ይጥላል። ስለዚህ በለስ (የቁልቋሉን ሳይሆን የዛፉን) ሳፈላልግ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ብርድ ነበር። ሻጩም «ቺካጎ ሃርዲ» የሚባለውን ዝርያ አመጣልኝ። በአሜሪካ በረዶ በሚጥልባቸው አካባቢዎች የታወቀ ነው። ግንዱን ብርድ ቢመታው ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በዚያው ዓመት በበቀለው ቅርንጫፍ ላይም ያፈራል። እንደ ሾላችን ተርብ ገብታ እንድታዳቅለውም አይጠብቅም፤ ብቻውን ያፈራል።

የተባለው ሁሉ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ አመዳዩ አጠቆረው። ጎረቤታችን እማማ አይተውት «ልጄ፣ ይኸ እንጨት ሙቷል፤ ንቀለውና ጌሾ ትከልበት» አሉኝ። ጥር ላይ ከሥሩ ቡቃያ ብቅ አለ። ሰኔ ሲገባ በየቅጠሉ ብብት ፍሬ ተቋጥሯል። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡና ሳይቀርብለት ጓሮ ይዞር ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ።

ሐምሌ ላይ ፍሬው ማበጥ ጀመረ። ሥሩ ያገኘውን ውሃ ሁሉ ወደ ፍሬው ይልከዋል፤ ቆዳው አልችል ሲል ከታች ካለችው ቀዳዳ ጀምሮ ይተረተራል። አንዱን ቆርጬ በእጄ ያዝኩት። ከቀዳዳው ነጭ አረፋ ይወጣል። ሽታው የጠላ ድፍድፍ ነው። ውስጡ መቅላት ሲገባው ቡናማ ሆኗል፤ ጉንዳን ከእኔ ቀድሞ ገብቶበታል። ነሐሴን ሙሉ እንዲሁ ነበር። ነገ ይደርሳል ያልኩት ፍሬ በማግስቱ ለዶሮ ይጣላል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ብርዱ ገደለው?» አለኝ። አልገደለውም። «ታዲያ የኔ ጥፋት ምንድነው?» አለ። እንዴት ነው ነገሩ? ለጎጃም ሰው ችግኝ የሚሸጥ ክረምት የሚባል ነገር እንዳለ አያውቅም? በለስ መነሻው የምዕራብ እስያ ደረቅ አገር ነው። ፍሬውን የሚያበስለው ዝናብ ጠፍቶ ፀሐይ ስትበረታ ነው። እኛ ጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ የምትታየው በልመና ነው። ብርድ መቻሉን ከሚሰብከኝ በስንት ወር እንደሚደርስ ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ባሕር ዳር ላለው ደንበኛውም ያንኑ ነው የሚያወራው። አመዳይ በማያሰጋው ከተማ ብርድ መቻሉ ምን ያደርጋል? ዝናቡ ግን እዚያም አለ።

ይህን ሁሉ ብዬ ያልነቀልኩት ጥቅምት ስለደረሰልኝ ነው። ዘግይተው የተቋጠሩ ጥቂት ፍሬዎች ቀርተው ነበር። ዝናቡ ቆመ፤ ፀሐይ ወጣች። ፍሬዎቹ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ቀለም ያዙ። አንገታቸው ላላና ወደ ታች ተንጠለጠሉ። አንዷን ገመስኳት፤ ውስጧ ቀይ ነው፣ ከታች ወለላ አቅርራለች። ባለቤቴ ግማሿን ቀምሳ ትንሽ ዝም አለችና «ሌላስ የለም?» አለችኝ።

ለቀማው ትዕግሥት ይፈልጋል። በለስ ከዛፉ ከወረደ በኋላ አይበስልም። እንደ አቮካዶ ጤፍ ውስጥ ቢቀብሩት ዋጋ የለውም። አንገቱ እስኪላላ መጠበቅ ግድ ነው። ወፎቹም ያንኑ ነው የሚጠብቁት፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ፍሬ በስስ ጨርቅ አሰርኩት። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ላይ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላልና ጓንት አድርጉ። የተለቀመውን ደግሞ በቶሎ ብሉት፤ ፍሪጅ ውስጥም ብዙ አይቆይም።

ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? ዛፉን አዎ። ከዚያ ሰው ግን ፈጽሞ አልገዛም። ደጋ ላላችሁ የምመክረው ፊቱ ወደ ደቡብ የዞረ የድንጋይ አጥር ሥር እንድትተክሉት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች፤ ድንጋዩ ቀን የሞቀውን ማታ ይመልስለታል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይሆነውም። እኔ ዘንድሮ የምገርዘው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ፍሬውን ለጥቅምት ያደርሳል ብዬ አስባለሁ። የሚቆረጠውን እንጨት አትጣሉት፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ከሰካችሁት ሥር ይሰዳል። በለስ ያለው ዘመድ ካላችሁም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቅርንጫፍ ለምኑት።