በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት ለምትጠቀሙ፣ አንድ ጎበዝ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

በቅድሚያ ባለሙያውን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልበል። ስሙ እዚህ እንዲወጣ ስላልፈለገ ትቼዋለሁ፤ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። የሚሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነው።

እኛ ግቢ ፋይበር ገና አልገባም፣ ያለን በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ነው። እኔ ከቤት ሆኜ የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ፣ እህቴ ኦንላይን ትማራለች። ማታ ማታ የእሷ ትምህርት ይቆራረጣል፣ የኔ ፋይል አልሄድ ይላል። ከዚህ በፊት የመጣው ሁሉ "ሞደም ቀይሩ"፣ "ፓኬጅ አሳድጉ" ብሎን ነው የሚሄደው። ሁለቱንም አደረግን፣ ያው ነው።

ይሄ ልጅ ግን ኮምፒውተር ከመክፈቱ በፊት ሽቦውን ከግድግዳው ጀምሮ በእጁ እየዳሰሰ ተከተለው። ከዚያ እናቴን "እማዬ፣ ስልኩ ሲጮህ ኢንተርኔቱ ይጠፋል እንዴ?" አላት። "እኔ ስናገር ማን ሰምቶኝ ልጄ!" አለችው።

ለካ መኝታ ቤት ያለው ስልክ ያለ ስፕሊተር (ድምፅና ዳታን የሚለይ ማጣሪያ) በቀጥታ ነበር የተቀጠለው። ድምፅ የሚሄደው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች፣ ዳታው ከዚያ በላይ ስለሆነ ማጣሪያ ከሌለ ይረባበሻሉ። በፕላስተር የተጠቀለለውን ቅጥያ ፈትቶ አሳየኝ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጦ በአዲስ ማገናኛ ቀጠለው፣ ስፕሊተርም ገባለት። ሞደሙ ገጽ ላይ 5 ዲሲቤል የነበረው ኖይዝ ማርጂን (መስመሩ ረብሻን የሚችልበት ትርፍ፣ ከፍ ሲል ይሻላል) 11 ገባ።

ዋናው ጉድ ግን ሌላ ነው። ኤዲኤስኤል ላይ መላኪያው ከመቀበያው በጣም ይጠባል። የቤተሰቡ ስልኮች ፎቶ ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምሩ ይሞሉታል። ዳውንሎድ ስታደርጉ ደግሞ ኮምፒውተራችሁ "ደርሶኛል" የሚል ትንሽ መልስ በዚያው በኩል መላክ አለበት፤ ያ መልስ ሞደሙ ውስጥ ከፎቶው ኋላ ተሰልፎ ይቀራል፣ ላኪውም ቆሞ ይጠብቃል። ፒንግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ) ከፍቶ ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት አስጫነኝ፦ 40 ሚሊሰከንድ የነበረው ከ1000 አለፈ!

ቤት ተጥሎ የነበረ ራውተር ላይ ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባል የራውተር ሶፍትዌር ጫነና መላኪያውን መስመሩ ከሚችለው 85 በመቶ ላይ ገደበው። "ፍጥነት ቀንሰህ እንዴት ሊፈጥን?" ብዬ ተከራከርኩት። ሰልፉ ከሞደሙ ወጥቶ ራውተሩ ጋ ሲሆን ትንንሾቹ ፓኬቶች (የዳታ ቁርጥራጮች) ሳይጠብቁ ያልፋሉ አለኝ፤ ዘዴው ኤፍኪው ኮዴል ይባላል። ያንኑ ቪዲዮ ደግመን ስንጭን ፒንጉ ከ60 አልዘለለም። እግረ መንገዱን ኤምቲዩውን (በአንድ ፓኬት የሚላከው ከፍተኛ መጠን) 1492 አደረገው፣ ፒፒፒኦኢ (ሞደሙ ወደ ኔትወርኩ የሚገባበት ዘዴ) ከ1500ው ላይ 8 ባይት ስለሚወስድ። ግማሽ ድረስ ተከፍተው ቀጥ ይሉ የነበሩ ድረ ገጾች አሁን ይከፈታሉ።

ተአምር አትጠብቁ። የፍጥነት መለኪያ ላይ የሚወጣው ቁጥር ብዙም አልተለወጠም፣ የከፈልነው ፓኬጅ ያው ነው። የተለወጠው እህቴ ክፍል ውስጥ እያለች እኔም ፋይል መላኬ ነው። ችግሩ ከውጭ ፖሉ ላይ ከሆነም "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ አስመዝግቡ" ብሎ ሳያስከፍል ይሄዳል። ዋጋውን ሳይጀምር ይናገራል፣ መሐል ላይ አይጨምርም። ቀጠሮ ላይ ትንሽ ያረፍዳል፣ እሱን ልደብቅለት አልችልም።

ስትደውሉለት ስልኩ ቤት ውስጥ ስንት ቦታ እንደተቀጠለ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ስፕሊተሩን በልኩ ይዞ ይመጣል።