ለጎንደር ቤት የትኛው ኮሞዶር 64 ይሻላል? የአሜሪካው ወይስ የአውሮፓው?

ጎንደር ላይ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ባብዛኛው ዓይኑ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ላይ ነው። ዘመዱ ዋሽንግተን ካለ የአሜሪካውን፣ ፍራንክፈርት ካለ የአውሮፓውን ይልካል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮሞዶር 64 ከላይ ሲታይ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ለየአገሩ ቴሌቪዥን ተለይቶ የተሠራ ነው። ምርጫ ካላችሁ የአውሮፓውን አስልኩ።

የእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ነው፦ 625 መስመር፣ ምስሉ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደስ። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 525 መስመርና 60 ጊዜ ነው፤ ቀለሙን የሚሸከመው ሞገድም ይለያያል። ስለዚህ አራዳ አካባቢ ያገለገለ ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ገዝታችሁ የአሜሪካውን ብትሰኩበትና ቴሌቪዥኑ ፓል ብቻ ቢሆን፣ ምስሉ ይንከባለላል። ቢረጋም ሰማያዊው መክፈቻ ገጽ ግራጫ ሆኖ ነው የሚመጣው። አዳዲሶቹ ፍላት ቴሌቪዥኖች ግን በቢጫው የኤቪ ቀዳዳ ባብዛኛው ሁለቱንም ይቀበላሉ።

ከእንግሊዝ የሚመጣውም ፓል ቢሆንም፣ በአንቴና መግቢያ ከተሰካ ችግር አለው። እዚያ ድምፁ ከምስሉ በ6 ሜጋኸርዝ ይርቃል፣ እኛ ጋ በ5.5፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ድምፁ ይጠፋል። ብዙ ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው የኤቪ ገመድ ብቻ ነው።

መብራቱ ላይ ልዩነቱ ይከብዳል። የአሜሪካው አዳፕተር ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንስለታል፤ የመብራታችንን 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምልልስ) ግን ወደ አሜሪካው 60 አይለውጠውም፤ አዳፕተሩም ከለመደው በላይ ይግላል። ከየትም ይምጣ፣ የዘመኑን አዳፕተር አትመኑት። ሲያረጅ ከሚገባው 5 ቮልት በላይ ይለቅና የማስታወሻ ቺፖቹን ይዞ ይሄዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ የሚሆነውን ታውቁታላችሁና አዲስ አዳፕተርና ስታብላይዘር ከኮምፒውተሩ ጋር አብራችሁ አስቡ።

ጨዋታዎቹስ? ለአውሮፓው የተጻፈ ጨዋታ ፍጥነቱን ከምስሉ መታደስ ጋር ካሰረ፣ በአሜሪካው ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጥናል፤ ዜማው ይጣደፋል። በምስሉ ግርጌ በሚተርፉት መስመሮች ጊዜ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ደግሞ ጭራሽ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ኮምፒውተሩ በአንድ መታደስ የሚስለው የመስመሩን ግማሽ ያህል ሲሆን፣ ፓሉ 312 መስመር ሲቆጥር ኤንቲኤስሲው 263 ብቻ ነውና። የአሜሪካ ጨዋታ በአውሮፓው ላይ ባብዛኛው ዝግ ይላል እንጂ ይሠራል።

አሚጋ 500 የተባለውን ሌላውን የኮሞዶር ኮምፒውተር ካገኛችሁ ነገሩ ይቀላል፤ የኋለኞቹ ሞዴሎች ቺፓቸው ሁለቱንም ሥርዓት ያውቃል። ባለ 48 ኪሎባይቱ የእንግሊዝ ኮምፒውተር ስፔክትረም ደግሞ ድምፁ ከራሱ ድምፅ ማጉያ ስለሚወጣ የድምፁ ችግር አይነካውም።

የአሜሪካው በነፃ ከመጣላችሁ አትመልሱት፤ ሁለቱን ሥርዓት የሚቀበል ቴሌቪዥንና ለ220 የተሠራ አዳፕተር ይበቃዋል። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ግን ዘመዳችሁ ኮምፒውተሩን አብርቶ PRINT PEEK(678) ብሎ ይጻፍበትና የስክሪኑን ፎቶ ይላክላችሁ። 1 ከመጣ ፓል ነው፤ 0 ከመጣ ኤንቲኤስሲ።